ላስቲኩ ያልተነሳ መኪና

ሐሙስ ጠዋት የፈቲያ መኪና ሊቀልጥ ሄደ። አምስት ዓመቱን ጨርሶ ነበር። ፈቲያን ከገበያ አምጥቶ ደጃፏ ላይ አወረዳት፤ ዘንቢሏን እስክታነሳ ታገሣት፤ «አብረን ስለቆየን አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ፈቲያ። ደህና ይሁኑ» አላትና በሩን ራሱ ዘግቶ፣ ባዶውን፣ ወደ ማቅለጫው በሚወስደው መንገድ ታጠፈ። ድሬዳዋ ውስጥ ሰውን አንቱ የሚለው መኪና ብቻ ነው። ሰው ለሰውማ፣ ሽማግሌም ሆነ ሹም፣ ከጥንት ጀምሮ አንተና አንቺ ነው።

ፈቲያ መኪናው እስኪሰወር አየችውና ወደ አጥሩ ዞረች። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ሊዲያ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተንበርክካ የመኪናዋን ጎማ ትነፋለች።

«አቦ ሊዱ፣ አሁንም ይሄን ነገር አትተይውም?» አለቻት ፈቲያ። «ጉልበትሽ አያሳዝንሽም?»

«ያንቺው ምን ሆኖ ሄደ?»

«ምን ይሆናል? ጊዜው ደረሰ። አዲሱ ከሰዓት ይመጣልኛል።»

«ሲታጠፍ ሰማሁት። የፊት ቀኝ ኩሽኔታው ይጮኻል። ግራሶ ቢቀባ ኖሮ ገና ብዙ ይሄድ ነበር።»

«ኩሽኔታ ምንድነው?» አለች ፈቲያ። አርባ ዓመቷ ነው፤ በሕይወቷ የመኪና ሆድ ዕቃ አይታ አታውቅም። የዘመኑ መኪና ኮፈን አይከፈትም፤ የሚከፈትበት እጀታም የለውም።

«ጎማው የሚዞርበት ነው» አለች ሊዲያና መንፋቷን ቀጠለች።

ሊዲያ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን አሮጊቶቹ ሁሉ ሊዲያ፣ ፌቨን፣ ቤዛ ይባላሉ፤ ድሮ በመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ይጠሩ የነበሩ ስሞች አሁን የሚጠሩት በጡረታ መስኮት ነው። መኪናዋ ደግሞ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ትንሽ፣ ነጭ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ባሏ ዘርይሁን በተጋቡበት ዓመት አዲስ የገዛው። አይናገርም። መሪውን ካልያዙት አይሄድም። ሰፈርተኛው «ሽማግሌው» ይለዋል።

የሽማግሌው ዕድሜ ምሥጢር የለውም። ሊዲያ በየማለዳው፣ አስፋልቱ ሳይግል፣ የጎማውን ንፋስ ትለካለች። ባትሪውን ጢም አድርጋ አትሞላም፤ አሟጣም አትጨርሰውም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሥሩ ገብቶ ብረቱን እንዳይበላው በየሳምንቱ ከታች ታጥበዋለች። የፍሬን ዘይቱን ጥቁር ሳይሆን ትቀይራለች። ከባትሪው ውስጥ አንዱ ድንጋይ ሲያብጥ፣ እሱን ብቻ አውጥታ ሌላ ትተካለታለች፤ አንድ የታመመ በግ አለ ተብሎ መንጋው አይታረድም። ከጥላ ውጪ አታቆመውም። በሩን አትወረውርም፤ ሌላ ሰውም ሲወረውር ካየች ታኮርፋለች። ይህን ሁሉ የለመደችው ከዘርይሁን ነው። ዘርይሁን ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

በሲሚንቶ ፋብሪካ በር ላይ የጭነት መኪና ሚዛን ሲያነብ የኖረ ሰው ነበር፤ ዝምተኛ። ተረት ሲተርት እንኳ ግማሹን ነበር። ሌላው ሰው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል። እሱ የመጀመሪያውን ትቶ «ከአያያዝ ይቀደዳል» ብቻ ብሎ ጨርቁን አርጥቦ መኪናው ሥር ይገባል። ንግግሩ የሱ ጉዳይ አልነበረም።

የሱ ጉዳይ ላስቲኩ ነበር። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ወንበሮቹ በላስቲክ ተሸፍነው ነው የመጡት፤ ዘርይሁንም አላነሳውም። ያ ትውልድ እንደዚያ ነው። ሶፋውን በላስቲክ፣ ፍሪጁን በላስቲክ፤ ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ቴሌቪዥኑ ሲሞት ሪሞቱ ገና አዲስ ሆኖ የሚተርፈው ትውልድ። ላስቲኩ ሲሰነጠቅ ዘርይሁን በላዩ ሌላ ያለብሳል። መሪውም ማርሹም እንዲሁ። ድሬዳዋ ላይ ግንቦት ሲገባ ላስቲክ ላይ መቀመጥ ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። ልጃቸው ናቲ በቁምጣ ተቀምጦ ሲነሳ የጭኑ ቆዳ አብሮ ይነሳ ይመስል ይጮህ ነበር። ሊዲያ «አንሳው በናትህ» ትላለች። ዘርይሁን «ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል። በዚሁ ያበቃል።

አንድ ነገር ግን በሊዲያ ሆድ አላበቃም። ናቲን ልትወልድ የደረሰች ጊዜ ኤረር፣ እህቷ ፌቨን ቤት ነበረች። ምጡ ያለ ቀኑ መጣ። ዘርይሁን ከኋላ ወንበር አስተኝቷት ወደ ድሬ ሲነዳ፣ መንገድ ላይ «ውሃው ሊፈስ ነው መሰለኝ» አለችው። መኪናውን አቆመ። የኋላውን በር ከፈተ። «ትንሽ ቀና በይ» አለ። ዓይኗን ጨፍና ነበርና ያየችው ነገር የለም፤ የሰማችው ግን ላስቲኩ ከሥሯ ሲንኮሻኮሽና ሲጎተት ነው። ከዚያ ጋቢውን መልሶ አነጠፈላትና ነዳ። እሷ በምጥ ተይዛ፣ እሱ ወንበሩ እንዳይረጥብበት ላስቲክ ያስተካክላል! አራስ ቤት ሳለች ደግሞ ታይዋን ገበያ ሄዶ ወፍራም ቡናማ ላስቲክ ገዝቶ የኋላውን ወንበር አለበሰው። የዚያን ጊዜ ነገሩ ጭራሽ ቂም ሆነ። ለፌቨን ነገረቻት፤ አንዴ አይደለም፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ማለት ይቻላል። ለዘርይሁን ግን አንድም ቀን አላነሳችበትም። ቢያነሱበትስ ምን ሊል? «ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል።

ታዲያ እንዲህ ቂም ከያዘችበት መኪና ጋር ስለ ምን ትለፋለች ቢባል፣ ስለ ፌቨን ነው። ታላቅ እህቷ ፌቨን እዚያው ኤረር፣ የብርቱካን ዛፎቿ መሃል ብቻዋን ትኖራለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ከተማ ግቢ ቢሏት «ድሬ መጥቼ ግድግዳ ልዳብስ?» ትላለች። የዘመኑ መኪናዎች ደግሞ ኤረር አይሄዱም። የኔትወርክ ሽፋን የለም። ከከተማው ወጣ ብሎ የደረቀው ወንዝ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ «ይቅርታ፣ ከዚህ በላይ አገልግሎት አልሰጥም» ብለው ተሳፋሪያቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ማልቀስም መማጸንም አይሰሙም። እህል የሚያደርሰው የጭነት መኪና በወር አንዴ ያልፋል፤ ሰው አይጭንም። ስለዚህ ሊዲያ በየእሑዱ ሽማግሌውን ነድታ ሄዳ፣ ፌቨንን ወደ ፍል ውሃው ወስዳ፣ ጀርባዋን አጥባ፣ አብረው በልተው ትመለሳለች። መኪናው ከሌለ እሑድ የለም። እሑድ ከሌለ ፌቨን የለችም።

ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ሁሉም መኪና በአምስት ዓመቱ ይቀልጣል፤ ሕጉ ሲወጣ ተመዝግበው የነበሩት፣ ነባሮቹ፣ ግን በየዓመቱ ቦሎ እስካገኙ ድረስ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ይህን አንቀጽ የጻፉት ሰዎች ለጋስ ሆነው አይደለም፤ ነባር ሁሉ በጥቂት ዓመት ራሱ እንደሚያልቅ እርግጠኞች ስለነበሩ ነው። ብዙም አልተሳሳቱም። ድሬዳዋ ላይ የቀረው ነባር አንድ ነው።

የዚያ ሐሙስ የሊዲያ የቦሎ ቀን ነበር።

የምርመራው አዳራሽ ሳቢያን ሰፈር ነው። ውስጡ ሰፊ፣ ነጭና ባዶ ነው፤ ያፌት የሚባል ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ብቻ ጥግ ላይ ይቀመጣል። የያፌት ሥራ ማሽኑ ያለውን ለሰው በሰው አፍ መድገም ነው። ሰው ከማሽን ሲሰማ ይሳደባል፣ ከሰው ሲሰማ ይለምናል፤ ልመና ይሻላል ተብሎ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ» አላት።

«እማማ አትበለኝ። ሊዱ በለኝ። አንቺ በለኝ፤ እዚህ አገር ሁሉም አንቺ ነው።»

«እሺ፣ እርስዎ» አለ ያፌት፤ አስቦ አይደለም፣ አፉ እንቢ ብሎት ነው። ሁለቱም ሳቁ።

ማሽኑ ዘንድሮ አዲስ ነው። የድሮው ፍሬን ረግጦ መብራት አብርቶ ይለቅ ነበር። ይሄኛው መኪናውን ከመሬት ከፍ አደረገው፣ ከሥር አበራበት፣ ብረቱን በቀስታ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ቀጭን ክንድ በመስኮት አስገብቶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አሸተተ። ፊተኞቹን፣ ኋለኛውን፣ መሪውን፣ ጣሪያውን። እንደገና ፊተኞቹን። ሊዲያ ቆማ ታያለች፤ አልፈራችም። ብረቱን ታውቀዋለች።

«የተከበሩ ወይዘሮ ሊዲያ» አለ ማሽኑ። «ፍሬን፦ ብቁ። ጎማ፦ ብቁ። ባትሪ፦ ብቁ። አካል፦ ዝገት የለም። የተሽከርካሪው ዕድሜ፦ አራት ወር። ከቀረበው ሊብሬ ጋር አይጣጣምም። ቦሎ ተከልክሏል።»

«አራት ወር ነው ያለው?» አለች ሊዲያ።

ያፌት ከወንበሩ ተነሳ። የማሽኑን ሰሌዳ ለራሱ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ዕድሜ የሚለካው በሰው ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ብረት ይቀየራል፣ ቀለም ይቀባል፣ የሻንሲ ቁጥርም ይፋቃል። ሰው ግን ተቀምጦ ሲነሳ አንድ ነገር ጥሎ ይነሳል። ላቡ፣ ፀጉሩ፣ ቆዳው ጨርቁ ውስጥ ይገባና አብሮ ያረጃል። ማሽኑ የሚያምነው እሱን ነው። የርስዎ መኪና ውስጥ ያገኘው ሰው የአራት ወር ብቻ ነው።»

«የፊቱን ላስቲክ የቀየርኩት ጥር ላይ ነዋ! የኋላውን ደግሞ በየሳምንቱ በሳሙና እወለውለዋለሁ።»

«ይኸው ነው እንግዲህ።»

«አርባ ስድስት ዓመት ተቀምጬበታለሁ፣ አንተ ልጅ።»

«ላስቲኩ ላይ» አለ ያፌት። በክፋት አልነበረም ያለው።

ቀጥሎ የነገራት ይህ ነው፤ ሊብሬው የአሮጌ መኪና ነው፣ የቆመው መኪና አዲስ ነው፤ ስለዚህ ታርጋው ከሞተ ነባር የተወሰደ፣ መኪናው ያልተመዘገበ ተብሎ ተይዟል። ያልተመዘገበ ይቀልጣል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ይወስዱታል።

«ሌላ የሚታይ ነገር የለም?»

«ከላስቲኩ ሥር ሰው የነካው ቦታ ካለ፣ የቆየ፣ ይበቃል። ትንሽም ቢሆን።»

ሊዲያ ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም። «ዘርይሁንን አታውቀውም» አለችው። «አያስነካም።»

ቀትር ደረሰ። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት አዳራሹ ይዘጋል፤ ድሬ ላይ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ፀሐይ ብቻ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ሲመጣ እንደዚያ አልነበረም ይባላል። ቀትር ላይ አንድም ሰው ሳይመጣለት ብቻውን በርቶ ሲውል ከረመና ራሱ ተምሮ ማረፍ ጀመረ። መኪናውን ወደ ግቢው አውጥተው ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆሙት። ያፌት ከሥሩ ወንበር አምጥቶላት፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጥቷት ወደ ውስጥ ገባ።

ሊዲያ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። ሐዋሳ ለሚኖረው ለናቲ ደወለችለት።

«እማዬ፣ ቢወስዱት ይሻላል» አላት ጨርሳ ሳትነግረው። «ስልሳ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። መኪና ሥር ትተኛለሽ። አንድ ቀን እዛው ሥር ትቀሪያለሽ።»

«ፌቨንስ?»

«አክስቴ ፌቨን ከተማ ትግባ። እሷ እንቢ ባለች ሌላው ምን ያድርግ?»

«አንተ ሂድና ንገራታ።»

«ኤረር የሚሄድ መኪና የለም እኮ» አለ ናቲ፤ ከዚያ ምን እንዳለ ራሱ ሰማና አፉን ያዘ።

ሊዲያ ከመኪናው ጎን ቆመች። ፌቨን እሑድ ጠዋት ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ መንገዱን በጆሮዋ ስትጠብቅ ታያት። አንድ እሑድ ትጠብቃለች። ሁለተኛውንም ትጠብቃለች። ከዚያ ምን ታደርጋለች? የሚነግራት እንኳ የለም። ሊዲያ ይህን ስታስብ የተቆጣችው በማሽኑ አይደለም፤ በሕጉም አይደለም። በዘርይሁን ነው። አርባ ስድስት ዓመት! ልጅ አስጩኾ፣ ሚስት አንገብግቦ፣ ሰው እንዳይነካው ብሎ፣ ይኸው ሰው ያልነካው መኪና ሆኖ ሊቀልጥ ነው።

«ደስ ይበልህ» አለች ጮክ ብላ፣ ግቢው ውስጥ ማንም ሳይኖር። «ይኸው አዲስ ነው። አራት ወሩ ነው አሉልህ።»

ቢያንስ አንድ ጊዜ ልቀመጥበት አለች። ሳይሄድ፣ አንድ ጊዜ፣ ጨርቁ ላይ። ከመሣሪያ ሣጥኑ ቢላዋ አወጣችና ከሾፌሩ ወንበር ጀመረች። ጥር ላይ የቀየረችውን ላስቲክ ቀደደችው። ከሥሩ ሌላ አለ። እሱንም ቀደደች። ከሥሩ ሌላ። በመጨረሻ የፋብሪካው መጣ፤ ቢጫ ሆኖ ደርቆ እንደ ቅርፊት የሚሰበር። እሱንም ገፈፈችው። ጨርቁ ግራጫ ነበር፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለው። መስመር እንዳለው አታውቅም ነበር። ተቀመጠችበት። ለስላሳ ነው። ከመለስለሱ የተነሳ ይበልጥ ተናደደች።

ወደ ኋላ ዞረች። ያ ቡናማ ላስቲክ፣ ያ አራስ ቤት ሳለች የመጣው፣ እንደተወጠረ ነው። ዘርይሁን ካለበሰው ወዲህ ማንም አላነሳውም፤ ወፍራም ስለነበር ሳይሰነጠቅ ቆይቷል። ከወንበሩ ሥር በናይለን ገመድ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል። ገመዱን በጠሰችና ላስቲኩን ወደ ላይ ገለበጠችው።

ከሥሩ ሌላ ላስቲክ አልነበረም።

የፋብሪካው የለም። የሚቀጥለው የለም። ቡናማው ላስቲክ፣ ቀጥሎ ጨርቁ። ጨርቁ ላይ ደግሞ፣ ከመሃል ጀምሮ እስከ ጠርዙ፣ ትልቅ ጉድፍ። ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሃሉ ግራጫውን ጨርቅ ያጠቆረ፣ የደረቀ ውሃ ቅርጽ ያለው።

ሊዲያ መጀመሪያ ዘይት መሰላት። ዘርይሁን ዘይት አይደፋም። ጎንበስ ብላ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው። ከወንበሩ ብረት ጋር፣ መስፊያው ሥር፣ የፋብሪካው ላስቲክ ቁራጭ ተሰክቶ ቀርቷል። በቢላዋ የተቆረጠ አይደለም። የተጎተተ፣ የተወጠረ፣ የተበጣጠሰ ነው። የቸኮለ ሰው በእጁ የቀደደው።

ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ነበር። ሲጎተት ሰምታ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ግንቦት ነበር። ወንበሩ ምጣድ ነበር። ዘርይሁን መኪናውን አቁሞ፣ የኋላውን በር ከፍቶ፣ «ትንሽ ቀና በይ» ብሎ ላስቲኩን ከሥሯ ቀደደው። ጀርባዋ እንዳይቃጠል። ከዚያ ጋቢውን ጨርቁ ላይ አንጥፎ አስተኛት፤ ውሃውም ፈሰሰ፤ ጋቢውን አልፎ ገባ። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ሰውዬ በገዛ እጁ ቀደደው።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለመረዳት ትንሽ ቆየች። ጉድፉ አልታጠበም። ዘርይሁን የወፍ ኩስ ጣሪያው ላይ ካየ ምሳውን ትቶ የሚነሳ ሰው ነው። ይህን አላጠበውም። በላዩ ላስቲክ አልብሶ፣ አስሮ፣ እንዳለ አስቀመጠው። እስኪሞት ድረስ በየእሑዱ ይህን ይዞ ኤረር ሲመላለስ፣ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትቀየመዋለች።

ለምን አልነገረኝም አለች። መልሱ ወዲያው መጣላት፤ ደስ የሚል መልስ አልነበረም። ምን ብሎ ይነግራታል? እዚያው ነበረች። የምታውቅ መስሎታል። እሷም ጠይቃው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ተናዳም ቢሆን፣ «ያኔ ምን ስታደርግ ነበር?» ብላው ቢሆን፣ ዝምተኛ ቢሆንም ይህችን ይመልስ ነበር። ለፌቨን አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገረቻት። ለሱ አልነገረችውም።

የኋላው ወንበር ላይ፣ ከጉድፉ አጠገብ፣ ተኝታ አለቀሰች። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ጨርቁ ግን አያቃጥልም።

አሥር ሰዓት ላይ ያፌት ወጥቶ ሲያይ ግቢው ላስቲክ በላስቲክ ሆኗል። ሴትዮዋ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗ አብጧል።

«ምን ሆኑ?»

«ማሽንህን አምጣው» አለችው። «ይሄን ያሽትተው።»

ወደ ማቅለጫው የሚወስደው የጭነት መኪና በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያፌት በእጁ አስቆመው። ሽማግሌውን ወደ አዳራሹ መልሰው አስገቡት። ቀጭኑ ክንድ በኋላው መስኮት ገባና ጉድፉ ላይ ቆመ። ፊት እንዳደረገው ቶሎ አላለፈም። ቆየ። ሊዲያ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

«ቅሪት ተገኝቷል» አለ ማሽኑ። «ሁለት ሰዎች። አንደኛዋ ወይዘሮ ሊዲያ። ሁለተኛው ያልተወለደ ሕፃን፤ ልጃቸው። የቅሪቱ ዕድሜ፦ አርባ ሁለት ዓመት። ተሽከርካሪው ከቅሪቱ አያንስም። ከሊብሬው ጋር ይጣጣማል። ቦሎ ተሰጥቷል። መልካም ጉዞ ይሁንልዎ።»

የጭነት መኪናው ባዶውን ዞሮ ሄደ። ያፌት ቦሎውን ራሱ መስታወቱ ላይ ለጠፈላት። አንድ ደንብ ደግሞ ነበር፤ ያንን ወደ መሬት እያየ ነገራት። ጉድፉ ከዛሬ ጀምሮ የተመዘገበ ማስረጃ ነው። አይታጠብም። አይሸፈንም። ላስቲክም ቢሆን ክልክል ነው።

«አላጥበውም» አለች ሊዲያ።

«በይ ሂጂ፣ ሊዱ» አለ ያፌት። አፉ እሺ ያለለት ያን ጊዜ ነው።

ከግቢው ሳትወጣ ናቲ ደወለላት። ድምፁ ተለውጧል። «እማዬ፣ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ‹ከመወለድዎ በፊት በድሬዳዋ አንድ መኪና ውስጥ ተገኝተዋል፤ ቅሪትዎ ተመዝግቧል› ይላል። ምንድነው ይሄ? እንዴት ነው የሚያውቁኝ?»

«ሁሉንም ያውቃሉ» አለች ሊዲያ። «እሑድ ማታ ደውልልኝ፣ አክስትህ ከሰማች በኋላ እነግርሃለሁ።»

እሑድ ጠዋት የጎማውን ንፋስ ለካች፣ ከሥሩ አጠበች፣ ወደ ኤረር ነዳች። ድልድዩ ጋ አንድ የዘመኑ መኪና ተሳፋሪውን ይዞ እየተመለሰ ነበር፤ መስኮቱ ውስጥ አንዲት ሴት ወደ ፊት መንገዱን ታያለች። ሊዲያ አለፈቻቸው።

ፌቨን ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ታውቀዋለች። ሊዲያ ክንዷን ይዛ አመጣቻት፤ ፌቨን እንደ ልማዷ በዳበሳ በሩን አገኘች፣ ጣሪያውን ነካ አደረገች፣ ቁጭ አለች። ከዚያ በሩን ሳትዘጋ ቀረች። ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለች። ጆሮዋን አቀናች።

«አይንኮሻኮሽም» አለች።

«አዎ።»

«ላስቲኩ የት ሄደ?»

ሊዲያ መሪውን ያዘች። መሪውም ላይ ላስቲክ የለም። «ዘርይሁን አነሳው» አለች።

ፌቨን የእህቷ አእምሮ የደከመ መሰላት፤ እጇን ዘርግታ ጉልበቷን ነካቻት። «መቼ፣ ሊዱ?»

«ናቲን የወለድኩ ቀን።»

ስንት እሑድ ያን ታሪክ እንደሰማች ፌቨን ነች የምታውቀው። እጇን ከእህቷ ጉልበት ላይ አነሳች፣ ወደ ኋላ ሰደደች፣ በዳበሳ ወንበሩን አገኘች፣ ጨርቁን አገኘች፣ የደረቀውን ቦታ አገኘች። እዚያ ላይ እጇ ቆመ።

«ወይ አንቺ» አለች በመጨረሻ። «ለሱስ ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩትም» አለች ሊዲያ። ሞተሩን አስነሳች። «በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው።»

ፌቨን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።